ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት

ወይዘሮ ሊንዳል እዚህ ትምህርት ቤት በደረሱበት ቀን የፖሊስ ሸሪፍ ተጠርቶባቸዋል።

እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። የነገሩኝ የቢሮው ጸሐፊ ወይዘሮ ዶሪን ናቸው፤ ከተሳሳትኩ እሳቸውን ያዙ። ነገሩ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ነው ተብለው ሳለ ወይዘሮ ሊንዳል በነሐሴ ሙቀት እሑድ መጡ። ቁልፍ የለም። ጫማቸውን አወለቁና የአማካሪዎችን ቢሮ መስኮት ገፋ አድርገው ገቡ። ሚስተር ብራንት ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ናቸው፤ በጽዳት ሥራ ከተቀጠሩ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ሣር ሲያጭዱ ሁለት እግር በመስኮት ወደ ውስጥ ሲጠፋ አዩና ስልክ ደወሉ። ከዚያ ሸሪፉ እስኪመጣ ሌባዋ እንዳታመልጥ ብለው ሮጠው ገቡ። ሌባዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፋይል ትደረድራለች።

"ስምህ ማነው?" አለችው።

"ብራንት።"

መሳቢያ ሳበችና የድሮ የተማሪ ፋይሉን አወጣች። "ግማሽ ክሬዲት እንግሊዝኛ ቀርቶሃል፤ ታውቃለህ?"

ሸሪፉ ሲደርስ ሁለቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ቅጽ ሲሞሉ አገኛቸው። ሚስተር ብራንት፣ በሩ ጋ ሆነው አይሳቁ፤ ቅጹ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ አይቼዋለሁ። አናቱ ላይ "ደርሷል" የሚል ማኅተም አለበት፤ ቀኑም የዚያው እሑድ ነው። ሴትየዋ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ማኅተማቸውን ከቤታቸው ይዘው ነበር የመጡት።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ጋሬት ቶምስ እባላለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ካለፈው ዓመት መጋቢት ጀምሮ በየቀኑ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በአማካሪዎች ቢሮ እሠራለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ግማሽ ክሬዲት ግን አለው። ስለዚህ የወይዘሮ ሊንዳል ባልደረባ ነኝ ብል ውሸት አይሆንብኝም። በዚህ የጡረታ ስንብት ላይ ቢሮውን ወክሎ ማን ይናገር ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ወይዘሮ ዶሪን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "አንተ?" አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር።

ያን ማኅተም እዚህ የማያውቅ የለም። የሕመም ፈቃድ ይመታበታል። የገና ካርድ ይመታበታል። አምና አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከፈቃድ ወረቀት ጋር የፍቅር ደብዳቤ ደባልቆ አስገባ፤ እሳቸው አላነበቡትም፣ ነገር ግን መቱበት። ልጁ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ሊወስድ ሲመጣ፣ "አትጨነቅ፣ በሰዓቱ ገብቷል" አሉት። ወረቀት ከእጅ ሲቀበሉ ባለቤቱ ሳይሄድ፣ ዓይኑ እያየ ነው የሚመቱበት። ማኅተም የሌለበት ወረቀት አልመጣም ማለት ነው ይላሉ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰማያዊ ካርዶቹንም ታውቃላችሁ። ስፖርተኛ የሆነ ልጅ ሁሉ ካርድ አለው። ኮሌጅ ገብቶ ለመወዳደር አሥራ ስድስት ዋና ዋና ትምህርቶች ያስፈልጉታል፤ አሥሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከአሥሩ ሰባቱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ይህንን አሰልጣኞቻችን እንኳ በየዓመቱ ይረሱታል። አሰልጣኝ ሃግማን፣ ይቅርታ። ወይዘሮ ሊንዳል ግን ካርዱን ይዘው፣ በሩን ሳያንኳኩ፣ ወንዶቹ ክብደት የሚያነሱበት ክፍል ድረስ ይገባሉ። ልጁ መቶ ኪሎ ደረቱ ላይ ተሸክሞ ሳለ "ኬሚስትሪህስ?" ይሉታል። ማምለጫ የለውም።

ብሮዲን ታስታውሳላችሁ፣ የእግር ኳሱን ሳይሆን የትግሉን። ሦስት የኮሌጅ ኮርስ ልመዝገብ ብሎ መጣ። ድርብ ምዝገባ ነው፣ ትምህርቱ እዚህም እዚያም ይቆጠርልኛል፣ ደግሞ ኦንላይን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፃ እሆናለሁ አላቸው። እኔ ከጎን ወረቀት እየደረደርኩ እሰማ ነበር።

"ልጄ፣" አሉት፣ "እዚህ ብትወድቅ አስተማሪህ እሑድ እናትህን ቤተ ክርስቲያን ያገኛታል፤ ይተዛዘናሉ፣ አንድ ነገር ይደረግልሃል። ኮሌጁ እናትህን አያውቃትም። የኮሌጅ ኤፍ እንደ አሳማ በረት ሽታ ነው። ታጥበህ፣ ልብስ ቀይረህ ብትሄድም ቀድሞህ ይገባል።"

ብሮዲ አንድ ብቻ ተመዘገበ። እሱንም ቢ አመጣ። ዘንድሮ በኮሌጁ መለያ ሲታገል በቴሌቪዥን አይተነዋል።

እኔ በቴሌቪዥን ያላየኋት አንዲት ልጅ አለች።

እህቴን ዴላን ታውቋታላችሁ። ጂሙ ግድግዳ ላይ ያለው የዲስከስ ውርወራ ሪከርድ የእሷ ነው። አምና በየካቲት፣ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሳለች፣ ማጅራት ገትር ይዟት በሦስት ቀን ሞተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን መለያ ለብሳ አንድም ቀን በውድድር አልወረወረችም። ለምን እንዳልወረወረች ይህ ከተማ አንድ ታሪክ ያውቃል፤ ወይዘሮ ሊንዳል ወረቀቷን ስለጣሉባት ነው ይባላል። በጸጉር ቤቱም፣ በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ተሰልፎም ሲወራ ሰምቻለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ ታሪክ ውሸት ስለሆነ ነው። ውሸቱም የእኔ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በሚያዝያ ዴላ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ዘጠነኛ። የኮሌጅ እንግሊዝኛ በድርብ ምዝገባ ትወስድ ነበር። የውድድሩ ወቅት ሲጀምር ድርሰቶቹ ተከመሩባት፤ ዊዝድሮው ላድርግ፣ ኮርሱን ልተወው አለች። እኛ ጋ አንድ ትምህርት የተወ ልጅ ስሙ ወደ ጥናት ክፍል ይዛወራል፤ በዚያው ያልቃል። ኮሌጁ ግን ቀኑ ሳያልፍ የተፈረመ ቅጽ ይፈልጋል። ቅጹ ካልደረሰው ተማሪው ክፍል ውስጥ እንዳለ ነው የሚቆጥረው፤ መጨረሻ ላይ ኤፍ ይሰጠዋል። ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የተማሪው፣ የወላጅና የአማካሪ። ሁለቱ ተፈርመው ነበር። ቅጹ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዴላ ለውድድር አውቶቡስ ውስጥ ገብታለች። በመስኮት ጠራችኝና የታጠፈ ወረቀት አቀበለችኝ።

"ለወይዘሮ ሊንዳል። በእጃቸው። ዛሬ ነው የሚያልቀው።"

"እሺ።"

"ጋሬት፣ ያንተን እሺ አውቀዋለሁ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

አውቶቡሱ ሄደ። ቢሮው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ገና ብዙ ጊዜ አለ አልኩና ወረቀቱን የቤዝቦል ጓንቴ ውስጥ ከትቼ ከልጆቹ ጋር ሜዳ ወረድኩ። ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ በሩ ተቆልፏል። ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ሊንዳልን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። "ደህና አደርክ ቶምስ" አሉኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዘግይቷል ለማለት አፈርኩ። ደህና አደሩ ብዬ አለፍኩ። ማታ ዴላ "ሰጠህልኝ?" አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ሰኞ ወረቀቱን የትሮምቦን ጥሩንባዬ ሳጥን ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ደበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ካለፈ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እሱም ውሸት ነው። አምና እዚሁ ቢሮ የስልክ መዝገባቸውን ሳገላብጥ አየሁት። በዚያ ሚያዝያ ብቻ ስለ ዘገዩ ቅጾች ወደ ኮሌጁ ስድስት ጊዜ ደውለዋል፤ አምስቱን ተቀብለዋቸዋል። ዓርብ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ እጄን ብዘረጋ ኖሮ ሰባተኛው ስልክ ይደወል ነበር። ወይዘሮ ሊንዳል የዴላን ሰማያዊ ካርድ አውጥተው ከሰባቱ ስድስት ብቻ እንዳላት ያዩ ነበር፤ በዚያው ቀን ለክረምቱ እንግሊዝኛ ክፍል ይመዘግቧት ነበር። ወረቀት ስላልደረሳቸው ግን ልጅቷ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው ብለው አመኑ። ዴላም ጉዳዩ አልቋል ብላ ክረምቱን በሙሉ ዲስከስ ስትወረውር ከረመች። ኮሌጁ ኤፉን የላከው በኮሌጁ ኢሜይል ነው። እዚህ ካሉት ልጆች ያን ኢሜይል ከፍቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

በነሐሴ መጨረሻ ኤፉ ታወቀና ከክፍል አስጠሩኝ። ቢሮው ውስጥ ዴላ፣ እናቴና ወይዘሮ ሊንዳል ነበሩ። ዴላ አልቅሳለች። እናቴ ቆማለች፤ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

ወይዘሮ ሊንዳል፣ እርስዎ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ጋሬት፣ ወረቀቱን የት አደረግኸው?"

"ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ፣" አልኩ።

አዩኝ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰው ጫማውን እስኪያስር ያህል። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "እንግዲያው እኔ ጋ ነው የጠፋው፣" አሉ።

እዚህ ያላችሁ ሁሉ እኚህን ሴትዮ ታውቃላችሁ። የፍቅር ደብዳቤ ላይ ማኅተም የሚመቱ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት የእሑድ ወረቀት መሳቢያቸው ውስጥ ያላቸው ሰው፣ ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠ ቅጽ ይጠፋባቸዋል? ማኅተም የሌለበት ወረቀት አልመጣም። እሳቸው ያን ጊዜውኑ ያውቁ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በእናቱና በእህቱ ፊት ሲዋሽ አዩና፣ ውሸቱን ከእኔ ላይ አንስተው በራሳቸው ላይ ጫኑት።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ማን እንዳመጣው ነው የማታውቁት። ወይዘሮ ሊንዳል የኮሌጅ ስፖርተኞችን ብቁነት ለሚወስነው ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። ቅጂውን አንብቤዋለሁ። "ስህተቱ የቢሮዬ ነው። ልጅቷ የሚጠበቅባትን አድርጋለች" ይላል። አልተቀበሏቸውም። ዴላ የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ስኮላርሺፕ አገኘች፤ ከቡድኑ ጋር መለማመድ ትችላለች፤ ግን የመጀመሪያውን ዓመት መወዳደር አትችልም ተባለች። የትምህርት ቤታችን ቦርድ ወይዘሮ ሊንዳል ፋይል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስገባ። ሰማያዊ ካርዶቹንም ወስዶ ለአንድ ዓመት ለሌላ ሰው ሰጠ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከእሳቸው አዛወሩ። የአንዳንዶቻችሁን ፊርማ በማዛወሪያው ቅጽ ላይ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። እራት ላይ ዴላ "ሴትየዋ አርጅተዋል መሰለኝ" ስትል እኔ ድንች እየበላሁ ነበር። መብላቴን አላቆምኩም።

ለእህቴ ልነግራት ቆርጬ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልቆረጥኩም። በዚያ የካቲት አንድ እሑድ ማታ ደወለች፤ ራሴን ያመኛል አለች። ስለ ውሻችን አወራን። በመጪው መስከረም መወዳደር እንደምትጀምር፣ መለያዋ ቁም ሳጥኗ ውስጥ እንደተሰቀለ፣ መለያ ቁጥሩን እንዳልወደደችው ነገረችኝ። እኔ ቁጥር ምን ያደርግልሻል አልኳት። ረቡዕ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ ሊንዳል ቤታችን መጡ። የተጋገረ መኮሮኒ በመስታወት ትሪ ይዘው ነበር፤ ከታች ስማቸው ፕላስተር ላይ ተጽፏል። እናቴ ትሪውን ተቀበለች እንጂ ይግቡ አላለቻቸውም። በረዶው ላይ ትንሽ ቆመው ሄዱ። ምግቡን የበላሁት እኔ ነኝ። ትሪውን እናቴ አልመለሰችም፤ ከምድጃው በላይ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ዓይኗ በማያርፍበት ቦታ አስቀመጠችው።

መጋቢት ላይ ወይዘሮ ሊንዳል ኮሪደር ውስጥ አስቆሙኝ። እኔ ያን ሰሞን አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል መግባት አቅቶኝ መጸዳጃ ቤት እቀመጥ ነበር።

"አራተኛ ክፍለ ጊዜ ምን አለህ?"

"ጥናት።"

"እያጠናህ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ና፣ ወረቀት ትደረድራለህ።"

በመጀመሪያው ቀን ማኅተሙን አነሱና እጄ ላይ አስቀመጡት። "ሰው ወረቀት ሲያመጣ ሳይሄድ፣ ዓይኑ እያየ ምታበት" አሉኝ። እየቀጡኝ ነው ብዬ ነበር። ቀን በቀን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ "ደርሷል፣ ደርሷል" እያልኩ ስመታ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። የሚበሉትን በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ያካፍሉኝ ጀመር። የሒሳብ ፈተና ስወድቅ ካርዴን አወጡ፤ እኔ ስፖርተኛ እንኳ አይደለሁም። ሳላውቅ ሰማያዊ ካርድ አውጥተውልኝ ነበር። እየቀጡኝ አልነበረም። የማምነው ሰው አጠገብ እንድቀመጥ፣ ወረቀት እንዴት በሰው እጅ እንደሚደርስ እንድማር፣ ከዚያም በራሴ ጊዜ እንድናገር ቦታ እየሰጡኝ ነበር። አሥራ አራት ወር ጠበቁኝ። እኔም አሥራ አራት ወር ከጎንዎ ተቀምጬ፣ ሰው ኮሪደር ላይ ሲያይዎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እየሰማሁ ዝም አልኩ። የማፍረው በሐሙሱ ብቻ አይደለም፤ ከሐሙሱ በኋላ በመጣው በእያንዳንዱ ቀን ነው።

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። ሣህን እያጠበች ነበር። ለረጅም ጊዜ ውሃውን አልዘጋችውም። ከዚያ ወንበር አምጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ያን ትሪ አወረደች፣ ንጹሑን ትሪ እንደገና አጠበችው። "ሐሙስ ሁሉም ሰው ይኖራል። እዚያ ተናገር" አለችኝ። እናቴ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የሎሚ ኬኩ የቀረበበት ትሪ ያ ነው። ወይዘሮ ሊንዳል፣ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ ስምዎ ከሥሩ አለ።

አመሰግናለሁ ማለት የሚገባኝ ሰው እኔ ስለመሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ይቅርታ ማለት ግን ይገባኛል። ይቅርታ፣ ወይዘሮ ሊንዳል። ስምዎን አበላሸሁ፣ እርስዎም ያበላሸውን ልጅ ወስደው ሥራ ሰጡት። አመሰግናለሁም።

ወረቀቱ ይኸው። ትሮምቦን ሳጥን ውስጥ ስለከረመ የዘይት ሽታ አለው። ይህ የዴላ ፊርማ ነው፤ "ዴ"ዋን እንዴት ታተልቀው እንደነበር አይታችኋል። ይህ የእናቴ ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። ይፈርሙልኝ አልልም፤ ቀኑ አልፏል፣ ኮሌጁም አይቀበለውም፣ እሷም የለችም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ማኅተሙን ከመሳቢያዎ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከብርጭቆዎ አጠገብ ያለው እሱ ነው። ቀኑን ወደ ዛሬ አዙሬዋለሁ። ይምቱበት። አልሄድም፤ እያየሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅተሙ የእርስዎ ነው፤ ወይዘሮ ዶሪን አዲስ አዝዘዋል። ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቤትዎ ይዘውት ይሂዱ። ዓሣው መንጠቆዎን ይውደድ። በረዶው ጣሪያዎን አይክበደው። ጉልበትዎ ያን መወጣጫ ያለ ሕመም ይውጣልዎ። ቁልፍ ቢጠፋብዎም መስኮቱ ዝቅ ያለ ይሁንልዎ።

እባካችሁ ተነሱ። ብርጭቆ ያልያዘ የፓንች ጭማቂው ይቀዳለት። እማዬ፣ አንቺም።

ወረቀት ጠፍቶባቸው ለማያውቁት ለወይዘሮ ሊንዳል።